ከዊንዶውስ 11 አፕግሬድ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲደርቅና ሲጠፋ፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ካበቃ ወዲህ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሻገር ሰው በዝቷል። አፕግሬዱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልቃል። ችግሩ ብቅ የሚለው ከቀናት በኋላ ነው። ማውሱ እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ ደርቆ ይቀራል፣ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ወይም ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ኮምፒውተሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ጥገና ቤት ሲወሰድ ደግሞ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ፎርማት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጥፋቱ የዲስኩ ፈርምዌር (ዲስኩን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም)፣ የሳታ ገመድ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው) ወይም የተበላሸ ራም ከሆነ አዲስ የተጫነው ዊንዶውስም በሳምንቱ ያንኑ ይደግማል፤ ፋይሉ ግን በመሀል ጠፍቷል። ዊንዶውስ ከመውደቁ በፊት ምን እንደገጠመው ሎግ በሚባል መዝገብ ጽፎ ያስቀምጣል። መቅደም ያለበት እሱን ማንበብ ነው።

ከማንበብም በፊት የሚቀድም አንድ ነገር ቢኖር የሚያስፈልጓችሁን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። አፕግሬድ ካደረጋችሁ ገና 10 ቀን ካልሞላ ወደ ዊንዶውስ 10 የመመለሻ መንገድም አላችሁ፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። ይህ የሚሠራው ሲ ድራይቭ ላይ ያለው «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባለው ፎልደር እስካልጠፋ ድረስ ብቻ ስለሆነ «ዲስኩ ሞላብኝ» ብላችሁ ለመሰረዝ አትቸኩሉ።

ሎጉ የሚናገረው

ስታርትን በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ከሚወጣው ዝርዝር ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ። በግራ በኩል ዊንዶውስ ሎግስ አለ፣ ከሥሩ ሲስተም። ኮምፒውተሩ የወደቀበትን ሰዓት ያዙና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የተጻፉትን ቀይና ቢጫ ምልክት ያለባቸውን መስመሮች እዩ። ጤነኛ ኮምፒውተር ላይም ቀይ ሞልቷልና አትደንግጡ፤ የምትፈልጉት ጥቂት የታወቁ ቁጥሮችን ነው።

የብዙ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ከርነል ፓወር 41 ላይ ነው። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ እንደተነሣ ከመናገር ያለፈ ነገር አይነግራችሁም። መብራት ቢጠፋም፣ የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ ብትዘጉትም፣ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣም ያው 41 ይጻፋል። እሱን ብቻ አይቶ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከ41 በፊት የተጻፈው ላይ ነው።

የመልእክቱ ምንጭ «ዲስክ» ሆኖ ቁጥሩ 7 ከሆነ፣ ዲስኩ ላይ ሊነበብ ያልቻለ ብሎክ አለ። 51 ከሆነ፣ ዊንዶውስ በራምና በዲስክ መካከል ገጽ (ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ሲያመላልስ ስህተት ገጥሞታል። 153 ማለት ለዲስኩ የተላከ ትእዛዝ ስላልተሳካ እንደገና ተሞክሯል ማለት ነው፤ በወር አንዴ ብልጭ ቢል ማለፍ ይቻላል፣ በየቀኑ ተደርድሮ ከታየ ግን አይታለፍም። 129 ዊንዶውስ ዲስኩን ከሚያናግርባቸው ፕሮግራሞች፣ ከስቶር ኤኤችሲአይ ወይም ከስቶር ኤንቪኤምኢ ድራይቨር የሚመጣ ነው። ዲስኩ በጊዜው መልስ ስላልሰጠ ዊንዶውስ ሪሴት አድርጎታል። ማውስ እየሄደ ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ደርቆ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥለው ኮምፒውተር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ይህ ቁጥር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዊንዶውስ መልስ እየጠበቀ ነበር። ኤንቲኤፍኤስ 55 ደግሞ የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) አወቃቀር ራሱ መበላሸቱን ይነግራችኋል።

ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ከሆነ (በ2025 በወጡ አፕዴቶች ዊንዶውስ 11 ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል) ባግቼክ 1001 የሚለውን መስመር ፈልጉ። ውስጡ የስቶፕ ኮዱ (የውድቀቱን ዓይነት የሚለየው) ቁጥርና በቅንፍ የታጠሩ አራት ረጃጅም ቁጥሮች አሉ። ከዲስክ ጋር በጣም የሚቀራረበው 7ኤ፣ ማለትም «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» ነው። ዊንዶውስ ዲስክ ላይ ያቆየውን ገጽ ወደ ራም ሊመልስ ሄዶ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። እዚህ ላይ በቅንፍ ውስጥ ካሉት አራቱ ሁለተኛውን አንብቡ። መጨረሻው ሲ000009ሲ ከሆነ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ሴክተር (መረጃ የሚሰፍርበት ትንሽ ክፍል) አለ። ሲ0000185 ከሆነ ገመዱን፣ ሶኬቱን ወይም ኮንትሮለሩን (ዲስኩን የሚቆጣጠረውን ቺፕ) ጠርጥሩ። ሲ000000ኢ ከሆነ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ከሲስተሙ ጠፍቶ ነበር። ሦስቱም በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ስም ይዘው ነው የሚመጡት፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ሰማያዊው ስክሪን መምጣቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ሳለ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው «ሚኒደምፕ» ባዶ ከሆነና ሎጉ ላይ ቮልኤምጂአር ከሚባለው ምንጭ ቁጥር 161 ከተጻፈ፣ ደምፑን (ሲወድቅ ራም ውስጥ የነበረውን የሚይዘውን ፋይል) ለመጻፍ ተሞክሮ አልተሳካም ማለት ነው። ደምፕ የሚጻፈው ዲስክ ላይ ነው። ሊጻፍ ካልቻለ፣ የጠፋው ዲስኩ ራሱ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የዲስኩን ጤና ሳያዩ ቼክዲስክ አይሮጥም

ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን የስማርት መዝገብ ያሳያል። ሃርድ ዲስክ ላይ የሚታዩት አራት ናቸው፦ 05 (በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች)፣ ሲ5 (ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ)፣ ሲ6 (የማይታረሙ) እና ሲ7 (በገመድ ላይ የተበላሸ መረጃ)። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ሲጀምር የሚያሳየው በአሥራ ስድስትዮሽ ስለሆነ 10 ብሎ ያሳያችሁ በእኛ አቆጣጠር 16 ነው፤ ፈንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ አሥርዮሽ ቀይሩት።

ሲ7 ብቻ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የሳታ ገመዱን ቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ስለዚህ ከቀየራችሁ በኋላ የምታዩት መጨመሩን ማቆሙን ነው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን ፋይላችሁን ዛሬውኑ አውጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ፣ ቼክዲስክን በ«ስላሽ አር» የሚያስሮጠው። ይህ ትእዛዝ እያንዳንዱን ሴክተር ያነባል፤ በ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፣ እየሞተ ላለ ዲስክም የመጨረሻውን ጉልበት ይጨርስበታል። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና።

ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (በቺፕ የተሠራ፣ ከሳታው የፈጠነ ዲስክ) ላይ የሚታየው የተለየ ነው፦ ምን ያህል ፐርሰንት ዕድሜው እንዳለቀ፣ የሚዲያ ስህተቶች ብዛት፣ እና «አንሴፍ ሻትዳውን» የሚለው በድንገት መብራት የተቋረጠበት ጊዜ ብዛት። የመጨረሻው መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በፍጥነት ያድጋል፤ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ ባይሆንም ቀጥሎ ላለው ጉዳይ ግን መነሻ ነው።

ራይት ካሽና የመብራት ነገር

አንድ ሰነድ «ሴቭ» ስታደርጉ ፋይሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አይሰፍርም። መጀመሪያ ራም ውስጥ ባለው የዊንዶውስ ፋይል ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ይቀመጣል፤ ሌዚ ራይተር የሚባለው ክፍል በየሰከንዱ እየተነሣ ገና ካልተጻፉት ገጾች አንድ ስምንተኛ ያህሉን ወደ ዲስክ ይልካል። ዲስኩም ሲደርሰው ወዲያው አይጽፈውም፤ በራሱ ትንሽ ካሽ ውስጥ አቆይቶ «ጨርሻለሁ» ይላል። ስለዚህ መብራት በመጥፊያዋ ሰዓት ሁለት ቦታ ላይ ያልተጻፈ መረጃ አለ።

ዊንዶውስ ይህን ስለሚያውቅ እንደ ኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ያሉ ወሳኝ ነገሮችን ሲጽፍ ዲስኩን «ካሽህን አሁኑኑ አራግፍ» ብሎ ያዘዋል። ይህ ትእዛዝ ነው ፋይል ሲስተሙን ከድንገተኛ መቋረጥ የሚያተርፈው።

አሁን ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ፣ ዲስክ ድራይቭስ ሥር የዲስካችሁን ስም ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ፖሊሲስ ወደሚለው ገጽ ግቡ። ሁለት ሳጥኖች አሉ። የላይኛው ራይት ካሺንግን ያበራል፤ ለውስጥ ዲስክ ምልክቱ ይኑርበት፣ ካጠፋችሁት በተለይ ሃርድ ዲስክ በጣም ይንቀረፈፋል። የታችኛው ግን ያንን «አራግፍ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስቀር ነው። ኮምፒውተር ለማፍጠን ተብለው የሚዘጋጁ ቪዲዮዎች ይህችን ሳጥን ምልክት አድርጉ ይላሉ። ፈጽሞ እንዳታደርጉ። ከሥሯ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ራሱ ዲስኩ የተለየ የኃይል መጠባበቂያ ከሌለው አይነካ ይላል። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ በሚሄድበት ከተማ፣ ያለ ዩፒኤስ በሚሠራ ዴስክቶፕ ላይ ይህችን ሳጥን ማብራት የፋይል ሲስተሙን እያወቁ ማበላሸት ነው። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚነሣ ላፕቶፕም በዚህ ረገድ ከዴስክቶፕ አይለይም። ስታቢላይዘር ደግሞ የቮልቴጅ መዋዠቅን እንጂ መቋረጥን አይከላከልም።

አፕግሬድ ከዚህ ጋር የሚገናኘው የዲስክ ድራይቨሩ ሲቀየር እነዚህ ምርጫዎች ወደ መነሻቸው ሊመለሱ ስለሚችሉ ነው። ዲስኩ በድንገት ቀርፋፋ ከሆነ የላይኛው ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። ለፍላሽና ለውጭ ዲስክ መነሻው ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ጀምሮ «ኩዊክ ሪሙቫል» ነው፤ ካሽ አይጠቀምም፣ መንቀልም አያስፈራም። ለፍጥነት ብላችሁ «ቤተር ፐርፎርማንስ» ካደረጋችሁት ግን «ኢጀክት» ሳትሉ አትንቀሉ።

ዲራም የሌላቸው ኤስኤስዲዎች

ኤስኤስዲ እያንዳንዱ መረጃ የትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይይዛል። ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት 4 ባይት ቢመደብ፣ የ1 ቴራባይት ዲስክ ሠንጠረዥ 1 ጊጋባይት ያህል ይወጣዋል። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ይህን የሚይዙበት የራሳቸው ዲራም (ፈጣን የማስታወሻ ቺፕ) አላቸው። ርካሾቹ የላቸውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ጥቂት ይወስዳሉ። ይህ አሠራር ሆስት ሜሞሪ በፈር፣ በአጭሩ ኤችኤምቢ ይባላል።

ቀደም ያሉት የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ለዚህ የሚፈቅዱት 64 ሜጋባይት ነበር። በኦክቶበር 2024 የወጣው 24ኤች2 ግን ዲስኩ የጠየቀውን ሰጠ። የዌስተርን ዲጂታል ኤስኤን770 እና ኤስኤን580 ባለ 2 ቴራባይት ሞዴሎች 200 ሜጋባይት ሲያገኙ ችግሩ ተጀመረ፦ ሰማያዊ ስክሪን በተደጋጋሚ፣ ሎጉ ላይ ደግሞ ከስቶር ኤንቪኤምኢ የኮንትሮለር ስህተት። ዲስኩ አልተበላሸም፣ ዊንዶውስም በትክክል ተጭኗል፤ ያልተግባቡት ሁለቱ ናቸው። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ የፈርምዌር ማስተካከያ አወጣ፣ ጉዳዩም በዚያ ተፈታ። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር አሥር ጊዜ ፎርማት ማድረግ ምንም አይለውጥም።

ስለዚህ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ያለበት ኮምፒውተር ከአፕግሬድ በኋላ ከወደቀ የዲስኩን ሙሉ ሞዴልና የፈርምዌር ቁጥር ከክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ አንብቡ፣ ከአምራቹ ገጽ ካለው አዲስ ፈርምዌር ጋር አመሳክሩ። ፈርምዌር ሲጫን መብራት ቢሄድ ዲስኩ ዳግም ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ይሁን፤ ፋይሉም አስቀድሞ ይገልበጥ።

ፈርምዌሩን እስክታወርዱ እንኳ ኮምፒውተሩ ሳይወድቅ አልቆይ ካለ ጊዜያዊ መላ አለ። ሬጂስትሪ ኤዲተር ውስጥ፣ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል፣ ስቶርፖርት ድረስ ውረዱ። እዚያ ባለ 32 ቢት ዲወርድ ፍጠሩ፤ ስሙ «ኤችኤምቢ አሎኬሽን ፖሊሲ» (HmbAllocationPolicy) ነው፣ በላቲን ፊደል ያለ ክፍት ቦታ ተያይዞ ይጻፋል። ዋጋው 0 ሲሆን ኤችኤምቢን ጨርሶ ያጠፋል። ሪስታርት አድርጉ። ዲስኩ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሥራችሁን ያስጨርሳችኋል። ፈርምዌሩ ከተጫነ በኋላ የፈጠራችሁትን ሰርዙት።

በኦገስት 2025 ደግሞ ኬቢ5063878 የተባለው አፕዴት ኤስኤስዲ ይገድላል የሚል ወሬ በሰፊው ተናፍሶ ነበር። ማይክሮሶፍት መርምሮ ከአፕዴቱ ጋር የሚያያይዘው ነገር እንዳላገኘ ገለጸ፤ ኮንትሮለር አምራቹ ፋይሰንም ከ4,500 ሰዓት በላይ በፈጀ ፍተሻ ችግሩን መድገም እንዳልቻለ አስታወቀ። በወሬ ተነሥቶ አፕዴት ከመዝጋት በገዛ ኮምፒውተራችሁ ሎግ ላይ 129 ወይም 153 መኖሩን ማየት ይሻላል።

ሲዘጋ የማይዘጋ ኮምፒውተር

ፋስት ስታርትአፕ ሲበራ «ሻት ዳውን» ማለት ሙሉ መዘጋት አይደለም። የዊንዶውስ ከርነልና ድራይቨሮች ያሉበት ሁኔታ «ሃይበርፊል» በሚባል ፋይል ዲስክ ላይ ይቀመጥና በማግሥቱ ከዚያው ይነሣል። አሮጌ ድራይቨር የያዘ ኮምፒውተር የትናንቱን ችግር ይዞ የሚያድረው ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ «ሪስታርት» ሲደረግ ደህና ሆኖ፣ «ሻት ዳውን» ተደርጎ ሲበራ ከወደቀ እሱ ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፎች ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን አንሡ። ከጎን ሊኑክስ የጫናችሁ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥያቄ ይጥፋ፤ በዚህ መልክ ያደረ የዊንዶውስ ክፍልፍል ላይ ከሊኑክስ በኩል መጻፍ ፋይል ያበላሻል።

129 የሚደጋገም ከሆነ እዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ በአድቫንስድ ሴቲንግስ ሥር ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚለውን ከፍታችሁ ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንትን «ኦፍ» አድርጉ። ኃይል ለመቆጠብ የተኛ ዲስክ በጊዜው አለመንቃቱ አንዱ የመድረቅ ምክንያት ነው። ባዮስ ላይ ቪኤምዲ (የኢንቴል የዲስክ አስተዳደር ዘዴ) የበራባቸው የኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይም የራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ቪኤምዲን ግን እንዲሁ አታጥፉት፤ ዊንዶውሱ ጨርሶ አልነሣም ሊል ይችላል።

ቦታም ይታይ። ባለ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ አሮጌው ዊንዶውስ፣ አዲሱ ዊንዶውስና ፔጅፋይሉ (ከራም የተረፉት ገጾች የሚቀመጡበት ፋይል) ተደምረው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሲተርፍ ዲስኩ ይደክማል። አብዛኞቹ ኤስኤስዲዎች ፈጣን የመጻፊያ ካሻቸውን የሚሠሩት ከባዶው ቦታ ላይ ነው፤ ባዶው ሲያንስ ካሹም ያንሳል፣ እሱ ሲሞላ የመጻፍ ፍጥነቱ በአንዳንድ ርካሽ ዲስኮች ላይ ከሃርድ ዲስክም በታች ይወርዳል። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ በፍጥነት ጀምሮ መሀል ላይ የሚሞተው በዚህ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። አንድ አምስተኛውን ያህል ባዶ አድርጋችሁ ያዙት።

ራም ሲዋሽ

ስቶፕ ኮዱ በየጊዜው ከተለዋወጠ፣ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ከሆነ፣ ዲስኩን ትታችሁ ራሙን ፈትሹ። ከላይ እንዳልኩት የፋይል ካሹ ያለው ራም ውስጥ ስለሆነ የተበላሸ ራም ፋይሉን ወደ ዲስክ ከመሄዱ በፊት ያበላሸዋል፤ ዲስኩ የተሰጠውን በታማኝነት ይጽፋል፣ ጥፋተኛ የሚመስለው ግን እሱ ነው። ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነሥታችሁ አራቱን ዙር አስጨርሱ፤ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ሁለቱን ራም ለየብቻ እየሰካችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የዊንዶውስን ፋይሎች ወደ መጠገን መሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። በአድሚን በተከፈተ ተርሚናል ሁለቱን የዊንዶውስ መጠገኛ ትእዛዞች ታስሮጣላችሁ፦ መጀመሪያ ዲዝምን «ኦንላይን፣ ክሊንአፕ ኢሜጅ፣ ሪስቶር ሄልዝ» በሚሉት ሦስት ምርጫዎች፣ ከዚያ ኤስኤፍሲን በ«ስካን ናው»። ኤስኤፍሲ የሚጠግነው ዲዝም ካስተካከለው ማከማቻ እየቀዳ ስለሆነ፣ ማከማቻው ራሱ ከተበላሸ ብቻውን አይረዳም። ዲዝም ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሞባይል ዳታ ለምትጠቀሙ የአይኤስኦ (የዊንዶውስ መጫኛ) ፋይል ካላችሁ እሱን እንደ ምንጭ መስጠት ይቻላል። ኤስኤፍሲ በሮጠ ቁጥር አዲስ ብልሽት አገኘሁ ካለ ወደ ራሙ ተመለሱ።

አፕዴት አልወርድ ካለ ዊንዶውስ አፕዴትና ቢትስ የተባሉትን ሁለት ሰርቪሶች አቁማችሁ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይሩት፤ ዊንዶውስ አዲስ ይሠራል። የሚዘጉት ጌሞችና ብራውዘሮች ብቻ ከሆኑ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ውስጥ ያለውን የዳይሬክትኤክስ ሼደር ካሽ አጥፉና የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱ።

እነዚህን አልፎ የቀረ ነገር ካለ ያን ጊዜ ፎርማት ይደረግ። ከዚያ በፊት ግን ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ያሉትን የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ገልብጡ። በእነሱ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ በላቲን ፊደልና በምልክት ተተራምሶ ነው የሚከፈተው። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ላይ ያለውንም አትርሱ፤ ሁለቱም ያሉት ሲ ላይ ነው።